የሁለት ሲሊንደር አሥረኛ ዘፈን

ሰኞ 4

ባለ ሻርፑ ዛሬ መጣ። አልበማችንን የሚያሳትመው ሰውዬ ነው፤ በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሞ ስለሚዞር እህቴ ናት ይህን ስም ያወጣችለት። ጋራዡ መሐል ቆሞ፣ ጫማውን ዘይት እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ዘጠኙንም ዘፈን አዳመጠ። ከዚያ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ አሥረኛ ዘፈን ይጨመር። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዘፈን ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳነሳሳኝ፣ አንድ ገጽ ልጻፍ፤ ከሽፋኑ ጀርባ ይታተማል።

«ሰው ታሪክ ይወዳል» አለኝ። «ዘፈኑን ባይወደው እንኳ ታሪኩን ይወደዋል።»

ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም። የሰጠን አምስት ሳምንት ነው። እንግዲህ እኔ ጊታርና ድምፅ፣ ታናሽ እህቴ ድራም፣ ሌላ ማንም የለም። ስማችን «ሁለት ሲሊንደር» ነው፤ በአራት መሄድ ሲገባው በሁለት የሚሄድ ሞተር ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። የምንለማመደውም የምንቀዳውም አባባ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቀን መካኒክ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሙዚቀኛ ነኝ። ሁለቱንም በቅጡ አትሠራም የሚሉኝ አሉ።

ሐሙስ 7

ገጹን ጀመርኩ። «ክላች» የሚለው ቀላል ነው፤ በወር ሦስቴ ክላች አቃጥሎ እየመጣ «መኪናዋ ናት» ከሚል ደንበኛ የተወሰደ ነው። ይኼን ግን እንዳለ ብጽፈው ያስንቀኛል። «ግንኙነትን ስለሚያቃጥል ትዕቢት» ብዬ ጻፍኩ። ደግሜ ሳነበው አፈርኩ። አልሰረዝኩትም።

ቅዳሜ 9

ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ጉምጉምታ ሊያሳብደኝ ነው። ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ አምፖሉን አጠፋሁ፤ ወይ ፍንክች! ሰው እንዳይረብሸኝ ስልኬን ዘግቼ ከሰዓቱን ሙሉ ስጎረጉረው ዋልኩ። ስከፍተው ከእህቴ አሥራ አራት ጥሪ። ደወልኩላት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አለፈ።»

«ምኑ?»

«አለፈ አልኩህ። ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንቀዳው?»

አለፈ ካለች አለፈ ነው። እሷን ጎትቶ የሚያናግር ገና አልተወለደም።

እሑድ 10

መጣች፣ ከነሻንጣዋ። ምንድነው ስላት «ከዚህ ክሊኒኩ ይቀርበኛል፣ ለጥቂት ቀን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ልተኛ» አለች። የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ ስልክ እያነሳች «እባክዎ መስመር ላይ ይቆዩ» ትላለች፤ ከዚያ መጥታ ያንን ድራም ትወቅጠዋለች። ልጅሽስ አልኳት። «ከአባቷ ጋር ናት» አለችና ዱላዎቿን አነሳች። ባሏ ውጪ እንድታድር ሲፈቅድላት አይቼ አላውቅም። አልጠየቅኩም፤ ሥራ ነበረን።

ትልቁ ድራም ዛሬ በጣም ጮኸብኝ። ሆዱ ውስጥ ገብቶ ድምፁን የሚያፍን ጨርቅ ስፈልግ ሻንጣዋን ከፍታ ትንሽ የልጅ ብርድ ልብስ አወጣች፣ ዳክዬ ያለበት። ለትንሽ ጊዜ ይዛው ቆመች። «ስጪኝ እንጂ» አልኳት። ሰጠችኝ። ድምፁ ልክ ገባ፣ ደረቅ ብሎ፣ እንደምፈልገው።

ከሦስት ሰዓት ሥራ የተረፈን ነገር ግን የለም። ሁለት ጊዜ እሷ አጠፋች፣ አንድ ጊዜ እኔ። እሷ ስታጠፋ ግን ጮህኩባት።

ማክሰኞ 12

የምሳ ሰዓት። «ግማሽ አልጋ» ላይ ደረስኩ። «ይህ ዘፈን ስለ ዘመናችን ሰው ብቸኝነት ነው» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እህቴ ባለፈው ዓመት እዚያ ቧንቧ ጋ እጇን እየታጠበች «አሁንማ ግማሽ አልጋ ላይ መተኛት ለምጃለሁ» ስትል ሰምቼ ነው ኪሴ ውስጥ ባለችው ደብተር ያሰፈርኩት። የሰው ንግግር መልቀም ልማዴ ነው። ከዚያ ውጪ ግጥም ከየት ይመጣል?

እሷ ዘፈኑን ስትሰማ ምን አለች? «ጥሩ ነው» አለች። የጫማዋን ክር አሰረችና ሄደች።

እንዴት እንደምንሠራ ይኼም ገጹ ላይ ይግባ ይሆን? እህቴ ግጥሙን ሳትሰማ ነው የምትመታው። «ቃሉን ከሰማሁ እጄ እሱን ይከተላል፣ ይዘገያል» ትላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ጊታርና ድራም አብረን እንቀዳለን፤ እሷ ትሄዳለች፣ እኔ ብቻዬን ቀርቼ ድምፄን እጨምራለሁ። ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ የምታውቀው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት እንዲህ ሠርተናል፣ አንድም ቀን ችግር አልገጠመንም።

ዓርብ 15

ጎረቤታችን ጎሚስታው ጎማ እየነፋ «እህትህ ዓይኗ አብጧል፤ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«የብሬክ አቧራ ነው።»

«እሷ ብሬክ ጋ ምን አደረሳት?»

ሰው ነገር ሲፈልግ አያጣም። አባባም አልቀረ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ ሚስጥር የሚያወራ እየመሰለው ይጮሃል። «ሚጡን አናግራት!» አለኝ፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ። አርባ ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀርቷታል፣ ለእሱ አሁንም ሚጡ ናት።

«አናግራታለሁ አባባ።»

«ነገ እንዳትለኝ!»

ይኼን የሚለኝ ማን ነው? ዕድሜውን ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ «ነገ ና» ሲል የኖረ ሰው! «ነገ ና» የሚለውን ዘፈን ከእሱ አፍ ነው ያነሳሁት፤ ገጹ ላይ ግን «ስለ ተስፋ» ይላል።

አሥረኛ ዘፈን የለም። ጉምጉምታው አለ።

እሑድ 17

አዲስ ምት ቀዳን። እህቴ አመጣችው፤ ፈጣን፣ ቆርጦ የሚሄድ፣ መሐሉ ላይ ድንገት የሚቆም። ጊታሩን ወዲያው አገኘሁለት። አንድ ጊዜ ብቻ ቀድተን ያዝነው። ከዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም። ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ልክ ያን ጊዜ አንድ ደንበኛ ራዲያተሩ እየጨሰ ገባ። ተንደርድሬ ወጣሁ። መቅጃውን ሳላጠፋው።

ሰኞ 18

ጠዋት ጋራዡን ሳልከፍት የትናንቱን አዳመጥኩ። ምቱ ካበቃ በኋላ የእህቴ ድምፅ አለ። የድራሙ ማይክ ስር ተቀምጣ በስልክ ታወራለች።

«እሺ አልመጣም። በሩ ላይም አልቆምም። ማታ ከመተኛቷ በፊት ብቻ ትደውልልኝ። ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ምን ያደርግብሃል?»

አራት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ጠጠር የበዛበት፣ ያልተለማመዱት። ከማን ጋር እንደምታወራ አይገባም፤ ከሥራ ሰዎች ጋርም ሊሆን ይችላል። ብቻ አሥረኛው ዘፈን ተገኘ። ምሳ ሳልበላ ጻፍኩት፦

በሩ ላይ አልቆምም፣ ደወሉን አልነካም፣
ሁለት ደቂቃ ስጠኝ፣ ሦስተኛ አልለምንም።

ስሙ «ሁለት ደቂቃ»። ርዝመቱም ሁለት ደቂቃ እንዲሆን አደርገዋለሁ።

ረቡዕ 20

ዘፈንኩት። መጀመሪያው ላይ የእሷን «ምን ያደርግብሃል?» እንዳለ ተውኩት፤ ከዚያ ድራሙ ይገባል። ፀጉር ያቆማል። ለገጹ፦ «ስለ ጊዜ እጥረት፣ በጥድፊያ ስለሚኖር ሰው።»

ልጠይቃት አስቤ ነበር። ዕቃ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ተጋድማ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ጣሪያ ታያለች። «ምነው?» አለች። «አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አይተሻል?» አልኳት። አላየችም። እጄ ላይ ነበር።

ቅዳሜ 23

ባለ ሻርፑ ሰምቶ ከወንበሩ ተነሳ። «ሁለት ደቂቃ የሚባል የሁለት ደቂቃ ዘፈን! ያቺ መጀመሪያ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት? ተዋናይት ናት?» አለኝ። «አዎ እንደዚያ ነገር» አልኩት። ለሬዲዮ እልካለሁ ብሎ ይዞት ሄደ።

እህቴ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏት አየኋት። ለአባባ ሻይ አፍልታ ሰጠችው፣ ጎሚስታውን አበሸቀችው። «ምን ተገኘ?» ብላት «አንድ ነገር ለምኜ እሺ ተባልኩ» አለች። የደመወዝ ነገር መሰለኝ።

ነገ ከነግጥሙ አሰማታለሁ።

እሑድ 24

አላሰማኋትም። በጣም ጥሩ እየተጫወተች ነበር፤ ለምን ላበላሸው?

ረቡዕ 27



እኩለ ቀን ላይ የክሊኒኩን ነጭ ጋዋን እንደለበሰች ገባች። መኪና ስር ነበርኩ። ጫማዋን ነው መጀመሪያ ያየሁት።

«ውጣ።»

ወጣሁ።

«የማን ድምፅ ነው?»

«ልነግርሽ ነበር እኮ—»

«የማን ድምፅ ነው አልኩህ!»

ለካ ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ሰምታው ነው። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ስምንት ሰው ተቀምጧል፤ ግማሹ ድዱ ደንዝዞ። ሬዲዮው እንደወትሮው ተከፍቷል። ከሬዲዮው ውስጥ እሷ ትለምናለች። አንዷ በሽተኛ ጉንጯን ይዛ «የኔ እመቤት፣ ከፍ አድርጊው፣ ደስ ይላል» አለቻት። እህቴም ከፍ አደረገችው። ምን ታድርግ?

«ስም አልተጠራም» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ከአፌ የወጣው ይኼ ነው።

«ልጄ ድምፄን የማታውቀው መሰለህ? አባቷስ? ደወለልኝ እኮ። በሬዲዮ ስሜን አጠፋሽው አለኝ። አሥር ቀን ለምኜ ያገኘኋት ሁለት ደቂቃ ናት፤ አራት ማታ ብቻ አናገርኳት። ቀረች። ዘጋው።»

«ከቤት አስወጣሽ እንዴ?»

እንዲያ ስላት አየችኝ። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ከእሷ አይቼ አላውቅም።

«አሥራ አራት ጊዜ ደውዬልህ ነበር» አለች። ከዚያ ተንበርክካ የትልቁን ድራም ፊት ፈታች፣ ብርድ ልብሱን አወጣች፣ አራግፋ አጠፈችው። ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አባባ ከኋላዋ «ሚጡ! ሚጡ!» እያለ በሩ ድረስ ሄደ።

ሐሙስ 28

ተናድጃለሁ። ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? እኔ ጠንቋይ ነኝ? «አለፈ» ያለችኝ ማን ነው? በአምስት ሳምንት አልበም ጨርስ የተባልኩ እኔ፣ ገመድ የምቀያይር እኔ፣ ገጽ የምጽፍ እኔ። ሰው አፍ አለው፤ ይናገር!

ባለ ሻርፑ ደወለ። ሬዲዮው ዘፈኑን በቀን ሦስቴ እየደገመው ነው። «ታወቅህ!» አለኝ።

ዓርብ 29

የትናንቱን አነበብኩት። ተናግራ ነበር። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ድምፅዋን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ስሰማት የነበርኩት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ መለስኩት? ሐምሳ? «ማታ ከመተኛቷ በፊት» የሚለውን ከጥርስ ክሊኒክ ጋር ምን አገናኘው? ከመጀመሪያውም አውቄዋለሁ። ማወቁ ሥራዬን ስለሚያበላሽብኝ አላወቅኩም አልኩ እንጂ።

እሑድ 1

የቀረጻ ቀን። አልመጣችም። ስልኳ አይነሳም። አባባ ምሳውን አልበላም። «አናገርካት?» አለኝ።

«አባባ እባክህ።»

«ነገሩን ሰምቻለሁ» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደንቆሮው እኔ መስዬህ ነበር አይደል?»

ከዚያ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ሠራን። እሱ ካርቡረተር ያጥባል፣ እኔ የታጠበውን አጥባለሁ።

ሰኞ 2

ገጹን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ።

ክላች፦ ከደንበኛ። ነገ ና፦ ከአባቴ። ጎማ ሲነፋ፦ ከጎረቤታችን። መስመር ላይ ይቆዩ፦ ከእህቴ። ግማሽ አልጋ፦ ከእህቴ። ጫማህን አውልቅ፦ ከእህቴ፣ ባሏን ስትቆጣ። ደህና ነኝ፦ ከእህቴ። ቁልፉ የት አለ፦ ከእህቴ። አይጡ፦ አይጡ ራሱ ገመዴን በልቶ። ሁለት ደቂቃ፦ ከእህቴ፣ ሳልጠይቃት።

ከእኔ የመጣ አንድም የለም። በዚያ ላይ ግጥምና ዜማ የሚለው ቦታ ላይ የእኔን ስም ብቻ ነው ያሰፈርኩት።

ማክሰኞ 3

ክሊኒኩ ሄድኩ። ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣ ቀና አላለችም።

«ቀጠሮ አለዎት?»

«እህት ዓለም—»

«ቀጠሮ ከሌለዎት ተቀምጠው ይጠብቁ።»

ተቀመጥኩ። ጉንጩ ያበጠ ሰውዬና በፍርሃት እግሯን የምታወዛውዝ ሴትዮ መሐል ሁለት ሰዓት ከሩብ። እህቴ ስልክ ታነሳለች፣ «እባክዎ መስመር ላይ ይቆዩ» ትላለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ማንም ሰው ምን እንዳለባት አያውቅም። ሬዲዮው ተዘግቷል። ሁለት ጊዜ ስልኳን ገልብጣ አየችና መልሳ ደፋችው። ሰውዬው ገብቶ ተነቅሎለት ወጣ። ሴትዮዋም ገባች። ባዶ ሲሆን ነው የጠራችኝ፣ «ቀጣይ» ብላ።

«ይቅርታ» አልኳት። «ዘፈኑን እንዳልጻፍኩት ቁጠሪው—»

«አትጻፍ አላልኩህም።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከዚህ ይልቅ ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር። «ሰባት ዓመት ሙሉ ቃሌን ስትወስድ ዝም አልኩ። ወንድሜ ነው፣ ያምርለታል፣ ይውሰድ አልኩ። አንድ ቀን ግን ይኼ ዘፈን የመጣበትን ነገር ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ግማሽ አልጋን ስሰማ አሁን ይጠይቀኛል አልኩ። አንተ ድራሙ ፈጠነ አልከኝ።»

እውነት ነው። ያልኩት እሱን ነው።

«አሁን ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ።»

«ሁለት ደቂቃ አልበሙ ላይ ይውጣ?»

«አይውጣ።»

ከመጠየቄ በፊት መልሱ እሺ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ይቅርታ ስጠይቅ፣ ስታለቅስ፣ «በቃ ይሁን» ስትል፣ ሁሉንም በሐሳቤ አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። አላለቀሰችም። ለአንድ አፍታ ልከራከራት ሁሉ ፈለግኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው ዘፈን እኮ ነው።

«እሺ» አልኳት።

ረቡዕ 4

ባለ ሻርፑ ሻርፑን ፈታ። አንገቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አብደሃል? ሰው የሚጠይቀው እሱን ብቻ ነው!»

«ከሬዲዮም ይውረድ።»

«ያለ እሱ አልበም የለም።»

«የለም ካልክ የለም።»

«ለማን ብለህ ነው? ለአንዲት ተዋናይት?»

«እህቴ ናት» አልኩት። መጀመሪያ ሲጠይቀኝ ማለት የነበረብኝ ይኼን ነበር። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ «ልትነግረኝ ይገባ ነበር» አለ፣ ለሬዲዮው ደውሎ አስወረደው። አልበሙን ግን አላተመም። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ነገር በሩብ ሰዓት አለቀ። ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ፣ መንገድ ላይ የሰውን ሁሉ ወሬ እየሰማሁ። ምንም አልጻፍኩም።

ዓርብ 6

ባሏ ጋ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው ልበለው ብዬ መልእክት ላኩላት። መልሷ፦ «እኔ ሳልልህ ንቅንቅ እንዳትል። ራሴ እያናገርኩት ነው።» ስለዚህ አልተንቀሳቀስኩም። ቁጭ ብሎ ምንም አለማድረግ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እሑድ 8

አሥር ሰዓት ላይ መጣች፣ ያለ ሻንጣ። ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ክፍል ተጋርታ እየኖረች ነው። አባባ «ሚጡ!» ብሎ በዘይት እጁ አቅፎ ነጭ ሸሚዟን አበላሸባት፤ ሳቀች። እኔን «እንዴት ነህ» አለችኝ፣ እንደ ጎረቤት።

አልበም እንደሌለ ነገርኳት። «ሰምቻለሁ» አለች። ድራሙ ጋ ሄዳ ተቀመጠች፣ ዱላዎቹን ግን አላነሳችም። እኔም ጊታሩን አላነሳሁም። ጎሚስታው ከወዲያ ጎማ ያንኳኳል። ልጅቷ እስካሁን አልደወለችም፤ ይኼን ከፊቷ አወቅኩት።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ስለ ልጇ ጠየቅኳት። ምን ትወዳለች፣ ማታ ምን ስትላት ነው የምትተኛው፣ ከቤት የወጣች ቀን በሩ ላይ ምን ሆነ። ተጠራጥራ አየችኝ፣ ኪሴንም አየች። ኪሴ ባዶ ነበር። ከዚያ ማውራት ጀመረች። እስኪመሽ አወራች፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዱን እያለቀሰች፣ አንዳንዱን እየሳቀች። አላቋረጥኳትም።

ያለችውን እዚህ አልጽፍም።